ሳይጠይቁ ማብላት

እማማ ኤርጎጌ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው የልጃቸው የዱካሞ ፒክአፕ መኪና፣ እዚያ ባኪ የሚሉት፣ ውስጥ ከገቡ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀዋል።

"ማንም እህል በአፉ እንዳያስገባ። ሳይጠይቁን ከበላን አለቀልን። አፍ ሲበላ ዓይን ያፍራል።"

"እማዬ፣ ሬስቶራንት እኮ ነው የምንሄደው" አለ ዱካሞ መሪውን እንደያዘ። "ሬስቶራንት ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔ ልበላ አልመጣሁም። ልጅ ልሰጥ ወይ ልከለክል ነው የመጣሁት።"

ከኋላ የተቀመጡት አቶ ማናሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ማናሴ ጀፕ በሚባለው የገበያ ጎዳና ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣሉ። የዱካሞ ዘመዶች ሁሉ ሆሳዕና ስለሆኑ በሽማግሌነት የተያዙት እሳቸው ናቸው። ለቻይና ምግብ ቦታ ላዘጋጅ ብለው ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም።

"እማማ፣ ሻይስ?"

"ሻይም!"

ዲቦራ፣ የልጅ ልጃቸው፣ ከአቶ ማናሴ ጎን ተቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች እስከ አሥራ አራት ዓመቷ ሆሳዕና ያሳደጓት እማማ ኤርጎጌ ናቸው። ከዚያ አባቷ ዱካሞ ወደ ጆሃንስበርግ ወሰዳት። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። መነጽር ልታሠራ ሄዳ መነጽር ሠሪውን ወደደችው። ዌስሊ ይባላል። ቻይና ነው፣ ግን ቅድመ አያቱ ሳይቀሩ እዚሁ ከተማ ነው የኖሩት። ዙሉኛውን ሲያወርደው ቴምቢሳ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ አሥራ ስድስት ዓመት የኖረው ዱካሞ እንኳ አይደርስበትም።

እማማ ኤርጎጌ ከሆሳዕና ለጉብኝት ከመጡ ወዲህ ልጁን ሦስት ጊዜ አይተውታል፤ ነውር አላገኙበትም። ነውር ያገኙት በነገሩ አካሄድ ላይ ነው። በእሳቸው አገር ሽማግሌ ለጥያቄ ሲመጣ፣ መልስ ሳይሰጠው እህል ውሃ አይቀምስም። ሴቷን የሚሰጡትም ቢሆኑ ከጠያቂው እጅ አስቀድመው አይበሉም። ደግሞ ሽማግሌ የሚላከው ለወግ ብቻ አይደለም። የጠየቀው ሽማግሌ ዋስ ነው። ባልየው ሲያጠፋ፣ ቤቱ ሲናጋ፣ "እናንተ ናችሁ የወሰዳችኋት፣ ኑና ዳኙ" ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው። የእህታቸው ልጅ ያለ ሽማግሌ ደርባን ድረስ ሄዳ፣ ሰውየው ጥሏት ሲጠፋ፣ ሁለት ልጅ ታቅፋ ማንን ትክሰስ? እህታቸው አምስት ዓመት ሙሉ አለቀሰች፤ የምትወቅሰው ሰው ግን አልነበራትም።

አሁን ደግሞ የልጁ ቤተሰብ ሽማግሌ ከመላክ ይልቅ ምሳ ጋበዘ።

ሬስቶራንቱ ሲሪልዲን በሚባል ሰፈር ነው፣ ፎቅ ላይ። አዳራሹ የሰርግ ድንኳን ያህል ሰፊ ነው። እሑድ ስለሆነ ቤተሰብ በቤተሰብ ተሞልቶ፣ ሁሉም ጮክ ብሎ ያወራል፣ ሕፃናት በወንበሮች መካከል ይሯሯጣሉ። ሴቶች የቀርከሃ ቅርጫት የተደራረበበት ጋሪ እየገፉ ይዞራሉ፤ ደንበኛው ጠቆም ሲያደርግ ክዳኑን ከፍተው እንፋሎቱን ያሳዩትና ጠረጴዛው ላይ ያኖሩለታል። ዲቦራ ይሄ አበላል ዲም ሰም እንደሚባል መንገድ ላይ ነግራቸዋለች፤ ትንሽ ትንሽ፣ ዓይነቱ ግን ብዙ። የአሳማ ሥጋ እንዳይታዘዝም አስቀድማ አስጠንቅቃ ነበር። እማማ ግን ደረጃው ላይ ቆመው ሁለት ጊዜ ደገሙላት።

ዌስሊ ከአባቱና ከአያቱ ጋር ሆኖ ቆሞ ጠበቃቸው። "ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ" አለ ጎንበስ ብሎ፣ የተለማመደውን። አያቱን ሁሉም "አ ፖ" ነው የሚላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ ሴትዮ ናቸው። እማማ ኤርጎጌን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። እማማ ኤርጎጌም አዩዋቸው።

ጠረጴዛው ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ በእጅ የሚሽከረከር ትልቅ መስታወት አለ። አ ፖ ሻይውን ራሳቸው ቀዱ፣ ከእማማ ጀምረው። የዌስሊ አባት ሲቀዳለት ጠረጴዛውን በሁለት ጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

"ምን ያጣድፈዋል?" አሉ እማማ በሹክሹክታ።

"ምስጋና ነው፣ እማማ። እንዲህ ነው የሚያመሰግኑት" አለች ዲቦራ።

"በጣት?"

ምግቡ መጣ። ስስ ሊጥ ለብሰው ውስጣቸው ሮዝ የሚያሳዩ ጥቅልሎች፣ ነጭ ድፍን ዳቦዎች፣ የተጠበሰ የፍጅል ቂጣ፣ ሌላም ሌላም። አ ፖ እያንዳንዱን ቅርጫት መስታወቱ ላይ እያኖሩ፣ እያዞሩ፣ በቅድሚያ እማማ ኤርጎጌ ፊት አቆሙት። እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልነኩም። መስታወቱ ዞረ። ዱካሞ አልነካም። አቶ ማናሴ አልነኩም፤ ቅርጫቱ ሲያልፋቸው ግን አንገታቸውም አብሮ ዞረ። ዲቦራ አልነካችም። የልጁ ወገንም ያው ሆነ፤ በእነሱ ቤት ደግሞ ትልቁ እንግዳ ሳይጀምር ማንም አይጀምርም።

ቅርጫቱ ዙሩን ጨርሶ ወደ መጣበት ተመለሰ።

አ ፖ ፊታቸው ከበድ አለ። ጋሪ ገፊዋን ጠርተው ሌላ ሦስት ዓይነት ጨመሩ። እሱም ዞሮ ተመለሰ። ሌላ ጨመሩ። በመጨረሻ ከአንዱ ቅርጫት በሁለቱ መብያ እንጨቶች ቆንጥረው የእማማ ሳህን ላይ አኖሩላቸው።

እማማ አዩት። ጣት አለው።

"የዶሮ እግር! ዲቦራ፣ እግር ነው የሰጡኝ። እኛ ቤት ይሄ ለውሻ ነው የሚጣለው።"

"ከሁሉ የሚወዱትን ነው የሰጡዎት፣ እማማ።"

"እማማ፣ ቴምቢሳ እኮ ሰው ለዚህ ይሰለፋል" አሉ አቶ ማናሴ። ድምፃቸው ላይ ልመና ነበረበት።

አ ፖ ወደ ዲቦራ ዘንበል ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ፤ አያትሽ ታመዋል? ምግቡ አልጣማቸውም? ወይስ እኛን ነው የጠሉን? ዲቦራ ፊቷ ቀላ። ዌስሊን በዓይኗ ጠየቀችው። ዌስሊ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ አስረዳት፤ በእነሱ ወግ ቁም ነገር የሚነሳው ተበልቶ ተጠጥቶ ብርቱካን ሲቀርብ ነው። ጥያቄውን ከብርቱካኑ ጋር ሊያመጡት ነበር።

ዲቦራ ይህን ተረጎመች።

"ብርቱካኑ እስኪመጣ በልተን ጨርሰን የለ እንዴ!" አሉ እማማ። "ከዚያ በኋላ በየትኛው አፌ ነው እምቢ የምለው?"

"እምቢ ሊሉ ነው?"

"ማለት እንድችል ነው የምፈልገው።"

በዚህ መሐል የአቶ ማናሴ እጅ ቀስ ብሎ ወደ አንዱ ዳቦ ሄደ።

"አቶ ማናሴ!"

"ኧረ ሙቀቱን ልሞክር ብዬ ነው።" እጃቸው ተመለሰ።

"እንግዲህ እኔ እነግራቸዋለሁ" አለች ዲቦራ።

"እንዳትነግሪ! ተለምኖ የተጠየቀ ጥያቄ ጥያቄ አይባልም።"

"እንግዲያው እዚሁ በረሃብ እንለቅ፣ እማማ። እነሱ እርስዎን ይጠብቃሉ፣ እርስዎ እነሱን ይጠብቃሉ፣ ምግቡ ደግሞ ይዞራል።" ከዚያ ፈቃድ ሳትጠብቅ ወደ አ ፖ ዞራ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመረች።

እማማ ኤርጎጌ ቃሉን ባይሰሙም የአ ፖን ፊት ያነቡ ነበር። አ ፖ መጀመሪያ ቅንድባቸውን ሰቀሉ። ቀጥለው ዱካሞን፣ አቶ ማናሴን፣ ያልተነካውን ሳህን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። መብያ እንጨቶቻቸውን አስቀመጡ። ለልጃቸው በቻይንኛ አንድ ነገር ሲሉት፣ የዌስሊ አባት ተነስቶ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። አ ፖ አዩትና በእጅጌው ጎትተው መልሰው አስቀመጡት። ራሳቸው ተነሱ።

ቆመውም ከተቀመጠው ዱካሞ ብዙ አይበልጡም ነበር። ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ዲቦራ እየተከተለች ተረጎመች።

"'ይህ የልጅ ልጄ ነው። የእርስዎን የልጅ ልጅ ይፈልጋል። እኛም እንፈልጋታለን። ስጡን ብዬ እጠይቃለሁ' ይላሉ።"

እማማ ኤርጎጌ መልሳቸው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። በወጉ ለመጀመሪያ ጥያቄ እሺ አይባልም። "ዘመድ አለን፣ እንመካከር፣ ለወሩ ተመለሱ" ነው የሚባለው። በዚያች አንድ ወር ውስጥ ሊጸልዩ፣ ሊያጣሩ፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ሊፈሩ አስበው ነበር። አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ። ቅርጫቱ አሥራ አራት ደርሷል። አሁን "ለወሩ" ቢሉ ይህ ሁሉ እህል ሳይነካ ይቀራል፤ እሱ ራሱ ኃጢአት ነው። አቶ ማናሴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እየጸለዩ ይሁን እየተራቡ አይታወቅም።

አንድ ወሩ ከእጃቸው ሾልኮ ሄደ። የቀራቸው ጥያቄው ብቻ ነበር።

"ጠይቂልኝ" አሉ። "ቢጣሉ፣ ቢበድላት፣ ቢጥላት፣ ማንን ነው የምጠራው?"

አ ፖ ትርጉሙን ጨርሰው ሳይሰሙ ደረታቸውን መቱ። እኔን።

"ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"'ሰማንያ አንድ' ይላሉ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ካለፉ በኋላስ?"

ዲቦራ ልትተረጉመው አፈረች፤ ግን ተረጎመችው። አ ፖ አላዘኑም። ወደ ልጃቸው ጠቆሙ፤ አባትየው ጎንበስ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ። እሱ ቢሰንፍ፣ አሉ፣ ኤደንቬል እህቱ አለች፣ እሷ ከእኔ ትከፋለች። ከዚያ ዌስሊን እያዩ ነገር ጨመሩ። ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ የጎረቤት መስኮት ሰብሮ አልጋ ሥር ተደብቆ ነበር። በጆሮው ጎትቼ አወጣሁት፣ በጆሮው ይዤ ጎረቤት ወሰድኩት፣ መስታወቱ እስኪገጠም እዚያው አቆምኩት። ጆሮውን አውቀዋለሁ።

የዌስሊ ጆሮ ደም መሰለ። ዱካሞ ሳቁን በሻይ ኩባያው ሸፈነ፤ ሳይጠጣ።

እማማ ኤርጎጌ በረጅሙ ተነፈሱ። እሺ ሊሉ ነው። አ ፖ ግን አልተቀመጡም። አንድ ጣታቸውን አነሱ።

"'አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው' ይላሉ። 'እሷ ጥላው ብትሄድስ? እኔ ማንን ነው የምጠራው?'"

እማማ ይህን አልጠበቁም። በሕይወታቸው ስንት ሽማግሌ ሲጠየቅ ሰምተዋል፤ የሴት ወገን ዋስ ሲጠየቅ ሰምተው አያውቁም። ወደ ዱካሞ ዞሩ።

"እኔ አለሁ፣ ቴምቢሳ ቅርብ ነው" አለ ዱካሞ።

አ ፖ ራሳቸውን ወዘወዙ። "'እሱ ዛሬ አንድ ነገር እንኳ አልጠየቀኝም። የሚጠይቅ ሰው ነው የምፈልገው' ይላሉ። እማማ፣ እርስዎን ነው የሚሉት።"

"እኔ እኮ ከሁለት ሳምንት በኋላ አገሬ ገቢ ነኝ። ሆሳዕና ነኝ በያቸው። ሩቅ ነው በያቸው።"

"'ያመጣዎት አውሮፕላን ተመልሶ አይመጣም ወይ?' ይላሉ።"

እማማ ዲቦራን አዩዋት። ይቺን ልጅ እሳቸው ያውቋታል። በአሥራ ሁለት ዓመቷ አኩርፋ፣ ለማንም ሳትናገር አክስቷ ቤት ሁለት ቀን ከርማ፣ መንደሩን ሁሉ ወንዝ ለወንዝ አስፈልጋለች። ስትናደድ አትናገርም፣ በሩን ከፍታ ትወጣለች። የሰው ልጅ ይበድላታል ብለው ስንት ሌሊት ሲገላበጡ፣ እሷስ ትበድል ይሆን ብለው አንድ ቀን አስበው አያውቁም። እኚህ ሴትዮም እኮ የሚፈሩለት ልጅ አላቸው። ዋስ ሲፈልጉ ኖረው ዋስ መሆን እንዲህ ይከብዳል ለካ።

ተነሱ። ጉልበታቸው ጮኸ።

"እኔ እመጣለሁ" አሉ። "ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ከእርስዎ ጎን ቆሜ ነው የምቆጣት። ታኮርፋለች፣ ይህን አሁኑኑ ይወቁት። ስታኮርፍ አይከተሏት፣ ይደውሉልኝ።"

ዲቦራ ፊቷን ወደ ጋሪዎቹ አዞረች።

"ተርጉሚ እንጂ።"

"ይሄን አልተረጉምም።"

"ይኸው አኮረፈች! አቶ ማናሴ፣ እርስዎ ይተርጉሙላቸው።"

አቶ ማናሴ ከወረፋ የወጡ ያህል ፈጥነው ተረጎሙት፤ ስለ መንደሩ ፍለጋም ማንም ሳይጠይቃቸው ጨመሩበት፣ ወሬውን ከሆሳዕና ሰዎች ሰምተውት ነበርና። አ ፖ ሳቁ። ጥርስ ባይቀራቸውም አፋቸውን ሞልተው ሳቁ። እጃቸውን ከመስታወቱ በላይ ዘረጉ፤ እማማ ኤርጎጌ ያዙት።

"እግዚአብሔር ይባርካቸው። ሰጥተናል" አሉ እማማ።

"አሜን" ያሉት ዱካሞና ዲቦራ ብቻ ናቸው። የአቶ ማናሴ አፍ ሞልቶ ነበር።

ምግቡ በርዷል። አ ፖ ጋሪ ገፊዋን ጠርተው ሁሉንም በትኩስ ለውጪ ሊሉ እጃቸውን ሲያነሱ፣ እማማ ከለከሏቸው፤ በርዶም እህል ነው። የፍጅል ቂጣውን በሹካ ቆረሱ። ወደዱት፤ ጨው ግን ያንሰዋል አሉ። ሁለተኛ ወሰዱ። የዶሮ እግሩን ወደ ሳህናቸው ዳር ገፋ አድርገው ሲመለከቱት ቆዩና፣ አ ፖ እያዩዋቸው ስለሆነ፣ አንዷን ጣት ነክሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ።

ብርቱካኑ ሲቀርብ የቀረ ቁም ነገር አልነበረም፤ ስለ ሰርጉ ቀን ትንሽ ተጨቃጨቁ እንጂ። እማማ ግን አንድ ነገር አላስቀመጣቸውም።

"ዲቦራ፣ ከመሄዴ በፊት ቤታቸውን ማየት አለብኝ። የት እንደምትገቢ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ዲቦራ ጠየቀች። አ ፖ በጣታቸው ቆጥረው መለሱ።

"'ማክሰኞ ይምጡ' ይላሉ፣ እማማ። ግን ምሳ እናዘጋጃለን ነው የሚሉት። ይበላሉ ወይ፣ አይበሉም? ካሁኑ ይንገሩኝ ይላሉ።"

እማማ ኤርጎጌ ብርቱካኑን እየላጡ ጥቂት አሰቡ።

"እበላለሁ በያቸው። እግሩን ግን ለአቶ ማናሴ።"