ክዳኑ ሳይበየድ

በያጁ መነጽሩን ወደ ዓይኑ ሊያወርድ ሲል የግፊት መለኪያዋን አያት። መርፌዋ ዜሮ ላይ ተጋድማለች። ትናንት ማታ ግን ስትንቀጠቀጥ ነበር ያመሸችው።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለ ፎርማኑ። "ሲሚንቶው ይዟል፣ ጉድጓዱም ሞቷል። ክዳኑን በይድና እንሂድ።"

"ውሃ ልጠጣ።"

ውሃው ሰበብ ነው። ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱት ይህ የጋዝ ጉድጓድ ከታላቅ እህቱ አጥር ጀርባ ነው፤ መርፌዋ ስላላማረችው በአጥሩ በር ወደ እሷ ማድቤት ገባ።

እህቱ ለሠራተኞቹ የምትሸጠውን ምሳ እያበሰለች ነበር። ሁለት ድስት በሰማያዊ እሳት ይንተከተካል። ጥግ የቆመውን ሲሊንደር በእግሩ ገፋ ቢያደርገው ባዶ ነው። አጠገቡ ያለውን ጆንያ ሲገልጥ ጉድ ታየ፤ ጥቁር ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

እህቱ ማማሰያዋን እንደያዘች ደረቀች። "ነፍሱን ይማረውና ባሌ ነው የዘረጋው። ሜዳ ላይ የሚባክን ጋዝ ነው፤ ማንን በደልኩ?"

"ምድጃሽ ሲነድ ግፊቱ ይወርዳል፣ እኛ ደግሞ ሞቷል ብለን እንደፍነዋለን። ከላይ ሲዘጋበት ጋዙ በየት የሚመጣ ይመስልሻል? ቤቱ ከነልጆችሽ ነው የሚሄደው።"

"አሁኑኑ እነቅለዋለሁ።"

"የጉድጓዱ ቧንቧ የተበሳው ከመሬት በታች ነው። ቱቦውን ብትነቅይው ቀዳዳው የት ይሄዳል? ተቆፍሮ መደፈን አለበት።"

"ቀበሌዎቹ ካወቁ ቤቴን ያፈርሱታል። ጉድጓድ የነካ ቤቱ ይፈርሳል ብለው ሰብስበው ነግረውናል። የናቴ ልጅ፣ እባክህ አትናገር።"

እውነቷን ነው። ያ ቤት ከሌለ ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ ናት። በያጁ ፈራ። ቢናገር እሳት፣ ዝም ቢል ረመጥ። ምድጃውን አጠፋና "ልጆቹን ይዘሽ ውጪ" አላት።

ፎርማኑ ከበሩ ላይ ደረሰ። "ውሃው ከወንዝ ነው እንዴ የሚቀዳው? ና በይድ እንጂ።"

"አልበይድም፣ አለቃ። ግባና እይ።"

ፎርማኑ ቱቦውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። "ማነው ይሄን የቀጠለው?"

እህቱ አፏን ልትከፍት ስትል በያጁ ቀደማት።

"እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም።"

"አብደሃል? መባረር ብቻ መሰለህ? ትታሰራለህ።"

"ገብቶኛል።"

በያጁ ተከራይ ነው፤ የሚያፈርሱበት ቤት የለውም። የብየዳ ጓንቱን አውልቆ ለፎርማኑ አቀበለው። ከዚያ እህቱን ቀና ብሎ ሳያያት አካፋ አነሳና ቱቦውን ተከትሎ መቆፈር ጀመረ።