የአባቴ ሬትባህ

አባቴ አልቪን ዛውተር የሠራበትን የብዕር ፋብሪካ ዛሬ በስሙ ቢጠሩት የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሬትባህ ይባል ነበር። ጀርመን አገር፣ ከሃይድልበርግ ወደ ላይ፣ የኔካር ወንዝ በሚጠማዘዝበት በኛ ከተማ፣ ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ባለች አንዲት የጡብ ሕንጻ ውስጥ ነው የነበረው። በደህናው ጊዜ እንኳ ብዙ ሠራተኛ አልነበረውም። ማስታወቂያ አያሠሩም። ቀለም እየተሞላ በሚጻፍበት ብዕራቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ምልክት የለም፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ክዳኑ ሥር ስሙ በደቃቅ ፊደል ተቀርጾበታል፣ በቃ። አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊዎች ይገዙት ነበር። መታየት የሚፈልግ ሰው ግን አይገዛውም፤ ደረት ኪስ ላይ ቢሰካ ማንም አያውቀውማ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ኤቫልድ፣ ይህን ነገር አንስቶ አይጠግብም ነበር። ሁለቱም ሬትባህ የገቡት ገና ጢም ሳያበቅሉ ነው፤ የብዕር ጫፍ ማለስለስንና መሞከርን ጎን ለጎን ተቀምጠው ተማሩ። ኤቫልድ ግን ጎልመስ ሲል ሃይድልበርግ ወዳለ ትልቅ ፋብሪካ ሄደ፤ ስሙን አገር ምድሩ ወደሚያውቀው። ልሄድ ነው ሲለው አባቴ «መልካም» ብቻ ብሎ ወደ ሥራው ዞረ ትላለች እናቴ።

እሁድ ከሰዓት አጎቴ ኬክ ሊበላ እኛ ቤት ይመጣል። ኮቱ ላይ ወርቅማ መያዣ ያለው የፋብሪካው ብዕር ሳይሰካ መጥቶ አያውቅም።

«እሺ አልቪን፣ ያ ጎመን የመሰለ እንጨትህ አሁንም ይጽፋል?» ይላል ገና ሳይቀመጥ።

«ይጽፋል።»

«በኛ'ኮ ሚኒስትሮች ናቸው የሚፈርሙበት።»

«ሚኒስትር ምን ይጽፋል? ስሙን ጫር ያደርግና ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ይከተዋል። በኛ የሚጽፍ ሰው ቀኑን ሙሉ ነው የሚጽፈው።»

«ታዲያ ለዚህ አይደል እናንተ ዘንድ አንዱን የገዛ ሰው ዕድሜ ልኩን ተመልሶ የማይመጣው! እንዲህም ተብሎ ይነገዳል?»

«ሁለታችሁም አፋችሁን በኬክ ሙሉት» ትላለች እናቴ ኢርምጋርድ፣ ሳህኑን መሀላቸው እየገፋች።

አጎቴ ቀልዱን ነበር፣ ግን ነገሩ እውነት ነበረበት። ሬትባህ አይሰበርም፣ ሰው ደግሞ እስክሪብቶ ለመደ። እኔ ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ፋብሪካው ተዘጋ። በዚያ ሰሞን አጎቴ በሥራ ቀን መጣ፤ ኬክም አልነበረም። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«አለቃዬን ለምኜ ነው ያገኘሁልህ፣ አልቪን። አንገቴን ደፍቼ ነው የለመንኩት።»

«ማን ለምንልኝ አለህ?»

«ሰኞ ትጀምራለህ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ!»

«ሰኞ ትምህርት ቤት ነው የምገባው። ጥገና ሠራተኛ ይፈልጋሉ።»

«አንተ? የብዕር ባለሙያው የልጆች ሽንት ቤት ልትጠግን? ሰው ምን ይለኛል?»

«ወንድሜ ነው አትበላቸዋ።»

አጎቴ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ረጅም ጊዜ አልመጣም። በኋላ ግን አንድ እሁድ ምንም እንዳልተፈጠረ በሩን አንኳኳ፤ እናቴም ምንም እንዳልተፈጠረ ሳህን ጨመረች። መተራረቡ ቀጠለ። ዳሩ ግን ሁለቱ ሲሳሳቁ ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር።

አባቴ የራሱን ሬትባህ እንደ ቅርስ አልሸሸገውም። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከፍራፍሬው ሳህን አጠገብ ይውላል፤ የፈለገ ያነሳዋል። እናቴ ከገበያ የሚገዛውን ትጽፍበታለች፣ እሱ የጋዜጣውን የቃላት ጨዋታ ይሞላበታል። እኔ ልጅ ሳለሁ እንደ ሌላው ሁሉ እስክሪብቶ ነበር የምወደው። አንድ ቀን እስክሪብቶዬ አልቆ ሬትባሁን አነሳሁና፣ እንደ ልማዴ ወረቀቱን ልቀደው እስክደርስ ተጫንኩት። አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«አትጫኚው። እሱ ራሱ ይሄዳል። አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪው።»

እጄን ለቀቅ አደረግሁ። የወርቅ ጫፉ ለስላሳ ነበር፤ ሲወርድ መስመሩ በጥቂቱ ይወፍራል፣ ሲወጣ ይቀጥናል። የራሴን ስም ጻፍኩና ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ፤ ከኔ የተሻለ፣ የማይቸኩል ሰው። ከዚያ ወዲህ ለምን ወደድሽው ቢሉኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፣ ሾርባ በማንኪያ መጠጣት አቃተው። እስክሪብቶ ለመጫን የሚበቃ ጉልበትም አልነበረውም። በሬትባህ ግን ዝግ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ፊደሎቹ ይዋዥቃሉ፣ ግን ይነበባሉ። በኅዳር ወር አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ አረፈ።

የቀብሩ ዕለት በመቃብር ስፍራው ጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ተዘርግታ፣ የሐዘን መዝገቡ ተከፍቶ፣ ከጎኑ የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ስም የታተመበት ነጭ እስክሪብቶ ተቀምጧል። እናቴ አየችውና ቆም አለች።

«አቶ ክናውስ፣ ይሄን ያንሱልኝ» አለችው አስፈጻሚውን።

«ወይዘሮ ዛውተር፣ እንግዶች የሚፈርሙበት ነው።»

«አውቃለሁ። ያንሱልኝ።»

ከቦርሳዋ ሬትባሁን አወጣች። ጠዋት ራሷ ነበረች ቀለም የሞላችው፤ ጣቷ ላይ ጥቁር ነጥብ ቀርቶባታል። ክዳኑን ከፍታ መዝገቡ ላይ አጋደመችው።

«አይፈስም?» አለ አቶ ክናውስ ነጩን ጨርቅ እያየ።

«አልቪን የሞከረው ብዕር አይፈስም» አለችው።

በኛ ከተማ ሰው የሐዘን መዝገብ ላይ ስሙን ጫር አድርጎ ነው የሚያልፈው። ያን ቀን ግን ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ። መጀመሪያ የቀረቡት ወይዘሮ ሮዝቪታ ሄርተር ነበሩ፤ ሬትባህ ከአባቴ ጋር የሠሩ። ብዕሩን እንደነኩ ጎንበስ ብለው ቀሩ። ስማቸውን ጻፉ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመሩ፣ ሌላ ደገሙ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ገጽ ሊሞላ ደረሰ። ከኋላ የቆመው ጎረቤታችን «ምንድን ነው፣ መጽሐፍ እየጻፉ ነው እንዴ?» ብሎ አንሾካሾከ፤ የሱ ተራ ሲደርስ እሱም ቶሎ አልተነሳም። ፓስተሩ በበሩ ብቅ እያሉ ሰዓታቸውን ያያሉ። እናቴ ጥቁር ጓንቷን ይዛ ቆማለች።

አጎቴ ኤቫልድ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ፊቱ የታጠበ ጨርቅ መስሏል። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ እጁ በልማድ ወደ ደረቱ ኪስ ሄደ፣ ወርቅማውን መያዣ ነካ፣ እዚያው ቆየ። እናቴን አያት። እሷ ዓይኗን አላነሳችም። ከዚያ እጁን መለሰና የወንድሙን ብዕር አነሳ።

በኛ አካባቢ የብዕር ሠራተኛ ብዕር ሲሞክር ስሙን አይጽፍም፤ ስምንት ቁጥር ነው የሚስለው፣ ጫፉ በሁሉም አቅጣጫ እንዲሄድ። አጎቴም ምን እንደሚያደርግ ያወቀ አይመስለኝም፤ የመዝገቡ ጠርዝ ላይ ስምንት ሳለ። ደገመው። ደጋገመው። እጁ ሥራውን ለብቻው ይሠራል፣ እንባው ደግሞ ለብቻው ይወርዳል።

«አጎቴ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «እየጠበቁን ነው።»

«ይጠብቁ» አለ። «ወንድሜን'ኮ ነው የምትቀብሩት።»

ሌላ ቃል አልጻፈም። ብዕሩን ከድኖ ለእናቴ በሁለት እጁ ሰጣትና ገባ።

ከቀብር መልስ እንደ ወጋችን ሁላችን አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ሰው ሾርባውን ሲጨርስ ድምፁ ሞቅ ሞቅ እያለ መጣ፤ ስለ አባቴ የሚያስቁ ነገሮች ይወራ ጀመር። አጎቴ ግን አልበላም። በመጨረሻ ወደ እናቴ ጠጋ አለ።

«ኢርምጋርድ፣ እንዲህ እንደሚጽፍ ለምን አልነገረኝም?»

«ምኑን?»

«ብዕሩን። እኔ እዚያ ሳለሁ እንዲህ አልነበረም። በኋላ ነው ያሻሻለው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጫፍ... » አልጨረሰውም። «ዕድሜ ልኬን ስቀልድበት አንድ ቀን እንኳ ‹እስቲ ሞክረው› አላለኝም።»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኤቫልድ፣ በየሳምንቱ ከፊትህ ነበር። ከኬኩ ሳህን አጠገብ። አንተ ነህ ያልነካኸው።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ።

«ፈርቼ ነው» አለ። «ጥሩ ከሆነስ ብዬ።»

እናቴ እጇን እጁ ላይ ጫነች። እሷም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አጎቴ ሳይጠራ መጣ። እናቴ ለለቀስተኞች የምስጋና ካርድ ልትጽፍ ተቀምጣ ነበር፤ በኛ ወግ በእጅ ካልተጻፈ ነውር ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አንቺ ውስጡን ጻፊ፣ እኔ ፖስታውን እጽፋለሁ» አላት።

«በምን?»

«በዚሁ ነዋ። ተራ በተራ።»

«ያንተ ብዕር ምን ሆነ?»

«ቤት ነው። ልጄ ከፈለገ ይውሰደው።»

እንደዚያ ሆኖ ነው የጻፉት። እሷ አንድ ካርድ ጽፋ ብዕሩን ታቀብለዋለች፤ እሱ አድራሻውን ጽፎ ይመልስላታል። አንዱ ሲጽፍ አንዱ ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ከዚህ ፈጥኖ የሚያልቅበት መንገድ ሞልቶ ነበር፤ ማናቸውም አላነሱትም። አልፎ አልፎ «የሄርተር ቤት ቁጥሩ ስንት ነው?» ወይም «እንዲህ አጥብቀህ አትያዘው» ሲባባሉ እሰማለሁ። ስለ አባቴ ግን ብዙም አያወሩም ነበር።

የመጨረሻው ፖስታ የተጻፈ ዕለት ዝናብ ይጥል ነበር። አጎቴ ካርዶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ ሸጎጣቸውና፣ አንገቱን ቀብሮ ወደ ፖስታ ቤት ወረደ። እናቴ በመስኮት እስኪታጠፍ አየችው። ከዚያ ብዕሩን ፈታታ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግማ አጠበችውና፣ እንዲደርቅ ንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኛችው።