ከጥቁሩ ድንጋይ በፊት

ሻለቃ የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ማዕረጉን የሰጧቸው ተራራ ወጪዎቹ ናቸው፤ ትእዛዝ ስለሚያበዙ። ከትእዛዞቻቸው ሁሉ የከረረው ግን አንድ ነው፦ ከመጨረሻው ድንኳን የወጣ ሰው፣ ጫፉን ረግጦ ተመልሶ ጥቁሩ ድንጋይ ጋ እስኪደርስ ድረስ ሬዲዮ አይከፍትም።

ትእዛዙ ከሜዳ አልመጣም። ያ ተራራ እንግዳ አይወድም። መጀመሪያ የሞከሩትን ንፋሱ ከወገቡ ላይ መለሳቸው፤ ሁለተኞቹን ጭራሽ አልመለሳቸውም። ሦስተኛ የሄዱት ሻለቃና ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ፤ እነሱ ጫፉን ረገጡ። ሲወርዱ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ በላይ ባለው የበረዶ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ሳሉ፣ ታች ያለው የሬዲዮ ሰው ወሬ አማረው። «እንዴት ዋላችሁ?» አለ። ወንድምየው ጨዋ ነበር፤ ሰላም ተብሎ ዝም ማለት አይሆንለትም። ሊመልስ አንድ እጁን ከገመዱ ለቀቀ። በዚያው ቀረ።

ዛሬ ከዚያ ግድግዳ በላይ ያለችው ልጃቸው ናት፤ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር በገመድ ተያይዘው። ሻለቃ ከጠዋት ጀምረው ተራራው ሥር ባለው ጣቢያ መስኮት ላይ ቴሌስኮፑን የሙጥኝ ብለዋል። ቀይ ጃኬቷን ባዩ ቁጥር «አይ የኔ ልጅ!» ይላሉ። የሬዲዮ ሠራተኛዋ ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል።

ድንገት ቴሌስኮፑን ከጃኬቷ ዝቅ አደረጉት። ልጆቹ ያለፉበት የበረዶ ክምር ከኋላቸው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከታች ሲያዩት ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል፤ ከላይ ለሚመጣ ሰው ግን አይታይም። በወጡበት ከተመለሱ የሚረግጡት እሱኑ ነው። በምሥራቅ በኩል ሌላ መውረጃ አለ፤ የሚነግራቸው ነው የጠፋው።

«ጥሪያት!»

«ሻለቃ፣ ዝግ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ! ጥሪያት ብዬሻለሁ!»

ጠራች። ደጋግማ ጠራች። ሬዲዮው ከመንሿሿት በቀር መልስ አልነበረውም።

«ምናልባት ጫፉ ላይ ስትደርስ ደስ ብሏት ትከፍተው ይሆናል» አለች።

«የኔ ልጅ? አትከፍተውም።» የልጃቸውን ታዛዥነት የጠሉት ያኔ ብቻ ነው።

ርችቱ ትዝ አላቸው። ኮታቸውን እንኳ ሳይደርቡ ወጥተው ወደ ሰማይ ተኮሱት። እያለከለኩ ወደ ቴሌስኮፑ ሲመለሱ ልጃቸው ጫፉ ላይ ቆማለች። ሁለት እጆቿን አንስታ ታውለበልባለች።

ያን ጊዜ ገባቸው። ጣቢያው ርችት የሚተኩሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጫፉን ለረገጠ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ለማለት። ይህንንም ያስለመዱት እሳቸው ናቸው።

«አየችው?» አለች ሠራተኛዋ።

«አየችው። ደስ ብሏታል።»

ልጅቷ ከጓደኛዋ ጋር ያያያዛትን ገመድ አጠበቀች። ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ፣ አባቷ እንዳስተማሯት፣ እግሯን እያስቀደመች በመጣችበት መውረድ ጀመረች። ሻለቃ ማናገሪያውን ከሠራተኛዋ እጅ ወሰዱ። የሚሰማቸው እንደሌለ ያውቃሉ።

«ልጄ» አሉ፤ «እንዴት ዋልሽ?»