የተቆረጠው ዝምታ

«ተኝተው ሳለ ትንፋሽዎ ይቋረጣል?»

ፀጉር አስተካካዩ ሐኪሟን ትክ ብሎ አያት። ሰው የራሱን እንቅልፍ በምን ያውቃል? ሌላ ሌላውን ብትጠይቀው ይመልስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ራሱን ይወቅረዋል፣ አፉ ደርቆ ይነሣል፣ ታክሲ ውስጥ ገና ሳይደላደል ያንቀላፋል። ስለ ትንፋሹ ግን ምን ይበል?

«እኔማ ተኝቻለሁ፤ በምን አውቃለሁ?»

«ልክ ነው፤ የሚያውቀው አጠገብዎ የሚተኛ ሰው ነው። ባለቤትዎ ምን ይላሉ?»

«እህቷ ቤት ናት።»

«ሲመለሱ ይጠይቋቸዋ።»

እህቷ ቤት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ መሆኑን አልነገራትም። ሐኪሟ ጉሮሮውን በባትሪ አየች፤ ከዚያም እንደ ልብስ ሰፊ አንገቱን በሜትር ለካች። ዕድሜ ልኩን በሰው አንገት ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው የራሱን ሲያስለካ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቤት ተወስዶ ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ መሣሪያ እንዳለ፣ ወረፋው ግን ረጅም እንደሆነ ነገረችው። ሲተኛ ያየው ሰው ቢመሰክርለት ወይም የተቀረጸ ነገር ቢኖር ልታስቀድመው ትችላለች።

ወደ ሐኪም የላከው የፀጉር ቤቱ ባለቤት ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ጢማቸውን ሲላጩ፣ ምላጩ ከአገጫቸው ሥር እንዳለ ፀጉር አስተካካዩን ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። ዓይኑ አልተከደነም፤ እጁ ብቻ ተንሸራተተ። ዳኛው በመስታወቱ ውስጥ አዩትና፣ «ልጄ፣ ፍርዱ ሳይነበብ ልታስፈጽም ነው?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ በጥጥ ተይዞ ቆመ። ባለቤቱ ግን አልሳቁም። ምላጩን ከእጁ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት።

«ሐኪም ወረቀት እስኪሰጥህ ቶንዶስ ብቻ ነው የምትይዘው» አሉት። «ወረቀቱ ካልመጣ ደግሞ ወንበሩንም ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እወቀው።»

ምላጭ የማይዝ ፀጉር አስተካካይ ግማሽ ሰው ነው። የቆዩ ደንበኞቹ ፀጉራቸውን እሱ ጋ ተስተካክለው ለጢማቸው ወደሚቀጥለው ወንበር መሻገር ጀመሩ። ማታ ማታ ይጠጣል የሚልም ተገኘ። ከሁሉም የከፋው ግን የሚቀጥለው ወንበር የሬዲዮ መሆኑ ነበር።

ሬዲዮ የሥራ ባልደረባው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያወራ ስሙን ያወጣለት ፀጉር አስተካካዩ ነው። እሱም ብድሩን መልሷል፤ ከወራት በፊት ፀጉር አስተካካዩ በምሳ ሰዓት ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ በስልኩ ቀርጾ፣ «መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት» ብሎ ጽፎ ለደንበኞች ሁሉ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጄኔሬተር ይሉታል። እሱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶፋው ላይ ተኝቶ አያውቅም፤ ምሳውንም ብቻውን ወጥቶ ይበላል።

ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ሄደ።

«ያን ቪዲዮ አሳየኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ አላልኩህም ወንድሜ?»

«ዋሽተሃል። ለሐኪም ነው፤ አሳየኝ።»

ሬዲዮ እያፈረ ከፈተለት። ማንኮራፋቱ እንደ አሮጌ መኪና ያለማቋረጥ ይንደቀደቃል። ፀጉር አስተካካዩ እስከ መጨረሻው አየው።

«ዝም የምልበት ቦታ የለም?»

«አለ እንጂ። ቆርጬ ጣልኩት።»

«ለምን?»

«ጸጥ ትላለኻ። ምኑ ያስቃል? ሰው ይሰለቸዋል ብዬ ነው።»

ያልተቆረጠው ስልኩ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አዩት። ማንኮራፋቱ ከፍ እያለ ሄዶ ድንገት ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ በደረቱና በሆዱ የተቆለፈ በር እንደሚገፋ ሰው ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። ከንፈሩ ጠቆረ። ከስልኩ ጀርባ የሬዲዮ ድምፅ «ነዳጅ አለቀበት» ሲል ይሰማል፤ ሌላም ሰው ይስቃል። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ሰውዬው ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ሞጨለፈ፤ ራሱን ወዘወዘና መልሶ ማንኮራፋት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀጥ አለ።

ሬዲዮ ስልኩን አጠፋና በሽርጡ ጠረገው።

«አጠገብህ ቆሜ እኮ ነበር» አለ።

ሐኪሟ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ እንደሚላላ፣ ምላሱ ወደ ኋላ እንደሚወርድ፣ መተንፈሻው እንደሚዘጋ አስረዳችው። አንጎል ይደነግጥና ለመተንፈስ ያህል ብቻ ይቀሰቅሰዋል፤ እሱ ግን ጠዋት አያስታውሰውም። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ይደጋገማል። የደም ግፊቱም ከፍ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

«እስከ ዛሬ ሲታገሉ ነው ያደሩት እንጂ አልተኙም» አለችው።

«ስንፍና አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም። ግን ካልታከሙት ይገድላል።»

በጎኑ እንዲተኛ፣ ክብደት እንዲቀንስ፣ ማታ መጠጥ እንዳይቀምስ ነገረችው። ምርመራው እንደጠረጠረችው ከሆነ ደግሞ በጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ ያስፈልገዋል። በሽታውን አይነቅለውም፤ እንደ መነጽር ነው፤ ያወለቁት ዕለት ያው ነዎት አለችው።

ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። የሚስቱን ክርን እያሰበ ነበር። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ሌሊት ሌሊት በክርኗ ትጎሽመው ነበር። ለደንበኞቹ እየቀለደበት ኖሯል። አንድ ንጋት ግን ተናዶ፣ «ሳንኮራፋስ ይሁን፤ ጭራሽ ዝም ብዬ ሳለሁ ምን አድርጊ ብዬሽ ነው የምትቀሰቅሺኝ?» አላት። «ዝም ስትል ነው የምፈራው» አለችው። አሽሙር መሰለው። ሌላ ክፍል ሄደሽ ተኚ አላት፤ ትራሷን ይዛ ሄደች። ከዚያኛው ክፍል ወደ እህቷ ቤት መንገዱ አጭር ሆነ። ስትሄድ ዓይኗ ሥር እንቅልፍ በማጣት ጠቁሮ እንደነበር አሁን ትዝ አለው።

ምርመራው የተጠረጠረውን አረጋገጠ። ሞተር ብስክሌት ሊገዛ ያጠራቀመው ገንዘብ መሣሪያው ላይ ዋለ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጭንብሉን ሳያውቀው እያወለቀ ጠዋት ወለል ላይ ያገኘው ነበር። ከዚያ ደግሞ አየሩ በሪዙ በኩል እያፈተለከ ዓይኑን አስለቀሰው። ሐኪሟ ጭንብሉን ልትቀይርለት ስትል እሱ ሪዙን ላጨው። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ሲከረክመው የኖረውን ሪዝ በቶንዶስ አንሥቶ መታጠቢያው ውስጥ ሲያየው፣ የሌላ ሰው ፀጉር መሰለው።

አንድ ቀን ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ነቃ። ራሱን አላመመውም። መሣሪያው በቀስታ ይነፋል። የሆነ ነገር ሊናገር ወደ ጎኑ ዞረ፤ ያ ወገን አንሶላው እንኳ አልተጨማደደም።

ወራት አልፈው ሐኪሟ ወረቀቱን ስትሰጠው፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሳያነቡት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከመሳቢያው ምላጩን አውጥተው ሰጡትና ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ና፤ ከእኔ ጀምር።»

«ጋሼ፣ አይፈሩም?»

«ፈርቼማ ነው የተቀመጥኩት። ደንበኛ ከማስፈራት እኔ ልፍራ ብዬ።»

አረፋውን ቀባቸው። እጁ ከጆሯቸው ሥር ጀምሮ እስከ አንገታቸው ሳይዛነፍ ወረደ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ዓይናቸውን ጨፍነው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሬዲዮ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ፀጉር አስተካካዩን አየውና መልሶ ከተተው።

በምሳ ሰዓት ሬዲዮ አብረን እንብላ ብሎ ጠራው። ሂድ፣ እከተልሃለሁ አለውና ጓሮ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ለሚስቱ «ተመለሺ» ብሎ ጻፈ፤ አጠፋው። ስለ መሣሪያው ብዙ ጻፈ፤ እሱንም አጠፋው። በመጨረሻ ይህን ላከ፦

«ዛሬ ምላጩን መለሱልኝ። ሌሊት ትንፋሼ መቋረጡን ትቷል። ከእንግዲህ ሳታዳምጪ ተኚ።»

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። መልስ ግን በዚያም ቀን፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም።