ላብ የሚያልበው ቆርቆሮ

አቶ ቅጣው በመንዝ፣ በዘመሮ ከተማ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ሁሉ ቀድመው ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሱ ሰው ናቸው። ይህን ራሳቸው አይናገሩም። መናገርም አያስፈልጋቸውም፤ ቀትር ላይ በደጃቸው የሚያልፍ ገበያተኛ ሁሉ ዓይኑን በእጁ ከልሎ ነው የሚያልፈው። ቀበሌው ሞዴል አርሶ አደር ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጥቷቸዋል። ከወረዳ የመጡ ሰዎችም ፎቶ አንሥተዋቸዋል። በፎቶው ላይ አቶ ቅጣው በበርኖሳቸው ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ወፍራም የሱፍ ባና ደርበው ይታያሉ። የተነሡት ቤት ውስጥ ነው።

የመንዝ ቆርቆሮ ጠባዩ ይታወቃል። ቀን እጅ አያስነካም፤ ማታ ደግሞ ከውርጩ ጋር ተስማምቶ ያድራል። የሰዉ ትንፋሽ፣ የድስቱ እንፋሎት፣ የጥጃዋም ትንፋሽ ጭምር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ይለጠፍና፣ ሊነጋጋ ሲል ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ቤተሰቡ ጠብታው የት የት እንደሚወርድ አጥንቶ በመካከል በመካከሉ ይተኛል። የምስክር ወረቀቱ ግን ማጥናት ስላልቻለ ቀለሙ ወርዶ፣ አሁን ሞዴል የሆነው ማን እንደሆነ አይነበብም።

«ቆርቆሮህን ላብ አልቦታል» ይሏቸዋል ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተኪዳን።

«አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለምዳል» ይላሉ አቶ ቅጣው። ቆርቆሮው ከተመታ ወዲህ ልጃቸው ትሕትና ፊደል ቆጥራ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች።

ክረምት ሲገባ ደግሞ በዚያ ቤት ንግግር ይቆማል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የወይዘሮ ወለተኪዳን አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚሉት አይሰማም። አቶ ቅጣው ጨዋ ባል ናቸውና አፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር «ልክ ነሽ» ይላሉ።

የከብቱ እበት ሁሉ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱ ሁሉ ምድጃ ይገባል። ቤቱ ግን ሙቀቱን በጣራው እየሸኘ ሌላ ይጠይቃል። የገብሱ ማሳ ፍግ ከቀመሰ ቆይቷል። አቶ ቅጣው ገብሱ የቀጨጨው በዝናቡ ነው ይላሉ።

በዚህ ላይ ነው፣ መጋቢት ላይ፣ የትሕትና ሽማግሌዎች የመጡት። ልጠይቅ ያለው ፈንታ የሚባል ከጓሳ አፋፍ የሆነ ወጣት ገበሬ ነው፤ ዘመሮ ሲማር የትሕትና የክፍል ጓደኛ ነበረ። የሽማግሌዎቹ መሪ፣ የአቶ ቅጣውም የቆየ ጓደኛ የሆኑት አቶ መኳንንት ተነሥተው እንደ ወጉ ተናገሩ። አቶ ቅጣውም ጣራቸውን ቀና ብለው አይተው መለሱ።

«ልጄ ሣር ቤት ተወለደች፤ ቆርቆሮ ቤት አደገች። ወደ ኋላ አትመለስም። ልጁ አዲስ ቤት እየሠራ ነው አሉ። መልካም። ቆርቆሮ ካላለበሰ ግን ልጄን አልሰጥም። ይህንን በእናንተ በአገር ሽማግሌዎች ፊት ተናግሬያለሁ።»

ከጓዳ የትሕትና ሳል ተሰማ። አቶ ቅጣው የብርድ መስሏቸው «በሩን ዝጉላት» አሉ።

ቀጠሮው ለመጪው ዓመት ጥር ተቆረጠ። ታኅሣሥ ላይ፣ ነቢያት ጾም ውስጥ፣ ከጓሳ በኩል የመጣ የሣር ነጋዴ ወሬ ይዞ ደረሰ። ፈንታ ወንድሙ ከደብረ ብርሃን የላከለትን ቆርቆሮ ተቀብሏል። መትቶታልም። የመታው ግን በበጎቹ ጋጣ ላይ ነው። መኖሪያውን ሣር ከድኖታል።

አቶ ቅጣው ወሬውን ሁለተኛ አስደገሙት።

«በጎቹ ቆርቆሮ ቤት፣ ልጄ ሣር ቤት» አሉ፤ ፈረሳቸውንም አስጫኑ። ሊሄዱ የፈለጉት ቃሉን በደጁ ላይ መልሰው ሊመጡ ነው። ትሕትና እርካቡን ይዛ ፈረሱ ላይ አወጣቻቸው።

«አባዬ፣ ባናውን ልጨምርልህ?»

«ጨምሪ።»

«እዚያ ግን ላያስፈልግህ ይችላል» አለች። አቶ ቅጣው ቶሎ ትመለሳለህ ማለቷ መሰላቸው።

ቃሉን የሰሙትን አቶ መኳንንትን ለምስክር አስከትለው አጥቢያ ላይ ተነሥተው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሱ። ከሩቅ የታያቸው የበጎቹ ጋጣ ነው፤ እንደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ያብረቀርቃል። ቤቱን ለማየት ግን መቅረብ ነበረባቸው። ጀርባውን ለተረተሩ ሰጥቶ፣ እስከ ወገቡ ድረስ አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ክዳኑን እንደ ወፍራም የበግ ቆዳ እስከ ግድግዳው አፍ ስቦ የተቀመጠ የድንጋይ ቤት ነው። የጓሳ ነፋስ በጀርባው መጥቶ በላዩ ያልፋል እንጂ በሩን አያገኘውም። የበሩ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ አጭር የድንጋይ ከለላ ቆሟል።

ፈንታ ሮጦ መጥቶ ልጓሙን ያዘ። «እንኳን ደኅና መጡ ጋሼ። ይግቡ።»

«አንገባም። ቃል ልንመልስ ነው የመጣነው፤ ከደጅ ነው የምንመለሰው።»

ነፋሱ በዚህ መካከል የአቶ ቅጣውን ባና ገለበው። አቶ መኳንንት እጃቸውን እያፋተጉ ወደ በሩ አመሩ።

«የት ነው?» አሏቸው አቶ ቅጣው።

«እርስዎ ነዎት የሚመልሱት። እኔ የሰጠሁት ቃል የለም፤ ልግባ።»

አቶ ቅጣው ለትንሽ ጊዜ ከፈረሱ ጋር ብቻቸውን ቆሙ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ያለ ጓደኛው ደጅ መቆሙ ነውር መስሎ ታያቸውና ገቡ።

መጀመሪያ ያደረጉት እሳቱን መፈለግ ነው። ቤቱ ሞቋል። እሳቱ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ በጭቃ የተከበበ፣ አፉ የጠበበ ምድጃ ውስጥ አንዲት ኩበት ታንቀላፋለች። ጭሱም ዓይን አይነካም፤ በጭቃ ቱቦ ታጥፎ በመደቡ ሥር አልፎ ነው የሚወጣው። አቶ ቅጣው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ተነሡና መደቡን በእጃቸው ዳሰሱ። መልሰው ተቀመጡ፤ ባናውንም ቀስ ብለው አወረዱ።

«የግድግዳህ ውፍረት ምንድን ነው? እስር ቤት ልትሠራ አስበህ ነበር?»

«ሁለት ግድግዳ ነው ጋሼ። መካከሉን ጭቃና ገለባ ሞልቼበታለሁ።»

«ለምን?»

«ብርዱ አንዱን ቢያልፍ ሁለተኛው ላይ እንዲደክመው ነው።»

«በዚያ በኩል የሚተነፍሰው ማነው?»

«ጥጃዎቹ ናቸው። ከመደቡ ጀርባ ነው ማደሪያቸው። ሙቀታቸው ወደዚህ ይመጣል፤ ሽታቸው በወዲያ ይወጣል።»

አቶ ቅጣው አሸተቱ። እውነቱን ነው። በምሥራቅ ባለችው ትንሽ የመስታወት መስኮት ወደ ጋጣው አዩ።

«በጎቹንስ ቆርቆሮ ማልበስ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?»

«በግ የራሱ ባና አለው ጋሼ፤ አይበርደውም። ቆርቆሮውን ለውሃ ነው የፈለግሁት። ሣር ላይ የወረደ ዝናብ ጠቁሮ ነው የሚወርደው። በቆርቆሮው የወረደው በአሸንዳ ሄዶ በርሜል ይገባል። ክረምቱን ሙሉ የቤቱ ሴት እንስራ ተሸክማ ገደል አትወርድም።»

አቶ መኳንንት «ጎበዝ» ብለው ጀመሩና የአቶ ቅጣውን ፊት አይተው «ጎበዝ፣ ጠላ ቅዳ» ብለው ጨረሱት።

ፈንታ ከእናቱ ቤት አሹቅና ጠላ ሊያመጣ ሲወጣ አቶ ቅጣው ወደ ጓደኛቸው ጠጋ አሉ።

«አታሎናል። እንደምንመጣ ሰምቶ ቀኑን ሙሉ ሲያነድ ነው የዋለው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ቆርቆሮም ማታ ላይ ደግ ነው። ጉዱ የሚወጣው ሊነጋ ሲል ነው። አድረን እናየዋለን።»

«እንደር» አሉ አቶ መኳንንት፤ ጫማቸውን ካወለቁ ቆይተዋል።

አቶ ቅጣው ግን በእምነት ብቻ የሚያድሩ ሰው አይደሉም። ሽንት ቤት አሉና ወጥተው የኩበቱን ክምር ፈለጉ። አገኙት፤ ትንሽ ነው። ከበርኖሳቸው ጠርዝ አንድ ቁራጭ ሱፍ ነጭተው ከላይኛዋ ኩበት ላይ አኖሩ። ልጁ ተነሥቶ ቢያነድ ሱፉ ይወድቃል።

ሲነቁ ጎሕ ቀድዷል። እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን በባናው ሸፍነው ጠብታውን ጠበቁ። አልመጣም። ምናልባት በሌላ ቦታ ይሆናል የሚወርደው ብለው ጆሮአቸውን ጣሉ። የጥጃ ትንፋሽና የአቶ መኳንንት ማንኮራፋት ነው የሚሰማው። ቀና ብለው ሣሩን አዩት፤ ሣሩ ደርቆ፣ ወርቅማ ሆኖ ቁልቁል ያያቸዋል። በኋላም እግራቸው ከባናው ውጭ እንዳደረ ተገነዘቡ። እግራቸው በታኅሣሥ ከባና ወጥቶ ካደረ ስንት ዘመኑ እንደሆነ አላስታወሱም፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል ትንሽ ተመለከቱት።

ምድጃውን ዳሰሱ። አመዱ ቀዝቅዟል። መደቡ ግን አልቀዘቀዘም።

ወጡ። ውርጩ ምድሩን ጨው የተበተነበት አስመስሎታል። የከብቶቹ ገንዳ ውሃ በረዶ ለብሷል። ሱፉ ካኖሩበት ኩበት ላይ ነው፤ እሱም ውርጭ ይዞታል። ከኩበቱ አጠገብ ደግሞ ሌላ ክምር አለ፤ ያልተጠፈጠፈ፣ ከገለባ ጋር የተደባለቀ እበት፣ ከኩበቱ በብዙ የሚበልጥ።

«ይኼን ለምን አልጠፈጠፍከውም?» አሉ፤ ፈንታ ከጋጣው በኩል ብቅ ብሎ ነበር።

«ማሳ ነው የሚሄደው ጋሼ። ቤቱ ብዙ እሳት ስለማይጠይቀኝ ይተርፈኛል። የእናቴም ቤት እንዲሁ ስለሆነ ከዘር በፊትም ይተርፈኝ ነበር።»

አቶ ቅጣው ወደ ማሳው አዩ። አውድማው ዳር የገብሱ ነዶ ተከምሯል። ክምሩን ከመሬቱ ጋር ደጋግመው አስተያዩት። ያ መሬት ያንን ክምር መስጠት አልነበረበትም። ለዓመታት በምድጃቸው በኩል ያለፈው የራሳቸው ገብስ በዓይናቸው ላይ መጣ።

አቶ መኳንንትም ተነሥተው ከኋላ ደረሱ።

«ሣሩን ከየት አመጣኸው?» አሉ አቶ ቅጣው። «የጋራው የሣር ጥብቅ፣ ጓሳ፣ ለአጨዳ ሳይከፈት ቆርጠህ ከሆነ በዚያም እከስሃለሁ።»

«ሲከፈት ነው ያጨድኩት፤ ድርሻዬን። የጥብቁ ኮሚቴ ያውቃል። ቤቱንም እሱን ስጠብቅ ነው ያዘገየሁት።»

«ይህን ሁሉ ማን መከረህ?»

ፈንታ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ አቶ መኳንንትን አየ። አቶ መኳንንት ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«ተናገር እንጂ።»

«ትሕትና ናት።»

«ማን?» አሉ አቶ ቅጣው።

«ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቃልዎን የነገሩኝ ዕለት እሷም ልካብኝ ነበር» አለ ፈንታ። «"አባቴ ቆርቆሮ ካለ ቆርቆሮ ነው። እኔ ደግሞ ዳግመኛ ከጠብታ ጋር አልተኛም። አንተ እንደምታደርግ አድርግ" ነው ያለችኝ። እኔ ምን ላድርግ? ለሁለታችሁም ይሆናል ብዬ ለበጎቹ መታሁት። መስኮቱ በፀሐይ መውጫ ይሁን ያለችም እሷ ናት። የበሩ ከለላም የሷ ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ግድግዳው ግን የኔ ነው።»

አቶ ቅጣው ሊቆጡ ሞከሩ። ለመቆጣት ግን በደንብ ያልተኙ መሆን ያስፈልጋል። የግድግዳውን ማዕዘን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ገብቶ፣ ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት የለውም። እንዲህ ያለ ማዕዘን አባታቸው ይሠሩ ነበር። እሳቸውም ወጣት ሆነው ያውቁበት ነበር፤ ቆርቆሮው የመጣ ጊዜ ነው የተዉት።

«ታዲያ» አሉ አቶ መኳንንት ቀስ ብለው፣ «ቃልዎስ አያ ቅጣው? በአገር ፊት ነው የተናገሩት። ቆርቆሮ ካላለበሰ ነው ያሉት።»

አቶ ቅጣው ወደ ጋጣው ዞሩ። የማለዳዋ ፀሐይ ቆርቆሮውን ይዛዋለች።

«ያ ምንድን ነው?»

«እሱማ የበጎቹ ነው።»

«በጎቹ የማን ናቸው?»

«የፈንታ።»

«ጥር ሲመጣስ?»

አቶ መኳንንት አሰቡ። «የፈንታና የትሕትና።»

«እንግዲያው ልጄ ባለ ቆርቆሮ ናት። ፈረሱን ጫኑልኝ።» በሩን ዞር ብለው አዩና «ቁርስ ካለ ግን ቁርሱ ይቅደም» አሉ። ጾሙ የሚፈታበት ሰዓት ገና እንደሆነ አቶ መኳንንት ሲያስታውሷቸው፣ አልተጣደፉም። «እንጠብቃለን፤ ቤት ውስጥ» ብለው ገቡ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። በጋው ሊያልቅ ሲል ጓሳ ተከፈተና አገሩ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ከአጫጆቹ መካከል አቶ ቅጣው ታዩ። ለሽያጭ የሚያጭዱ ስለመሰለው ማንም አልጠየቃቸውም። ሣሩን በአህያ አስጭነው ዘመሮ ሲያስገቡ፣ አማቻቸውም መሰላል ይዞ ሲመጣ ነው ነገሩ የተገለጠው። ቆርቆሮውን ሳያነሡ በላዩ ላይ እንጨት አጋድመው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሣር ከደኑበት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ግራ ተጋብቶ መጣ። በዓመቱ ሪፖርት የቆርቆሮ ቤቶች ቁጥር እንደጨመረ ሊጻፍ ነው፤ የሞዴሉ ቤት ግን ጠፍቷል።

«አልጠፋም፤ ከሥር ነው» አሉት አቶ ቅጣው ከጣራው ላይ ሆነው። «ያልበው ነበር። ብርድ እንዳይመታው ነው ያለበስኩት።»

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ከባድ በረዶ ወረደ። አቶ ቅጣው መደባቸው ላይ ሆነው እንደ ልማዳቸው የወይዘሮ ወለተኪዳንን አፍ ማየት ጀመሩ። ውጭው ነጭ ሆኗል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ጆሮ የሚሰማው ሩቅ የሆነ ሹክሹክታ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ሱፍ እየፈተሉ ሳያዩአቸው ተናገሩ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ክረምት በመጣ ቁጥር ምን ስልህ እንደነበር ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አሉ አቶ ቅጣው።

«ሣር ክደንበት ነበር የምልህ።»

አቶ ቅጣው ጣራውን ቀና ብለው አዩ። ጠብታ የለም።

«ልክ ነሽ» አሉ።