ሁለት ሙሽሪት ያለበት ካርድ

የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ሲደውል የሶፋ ጀርባ ላይ ጨርቅ እየወጠርኩ ነበር። አፌ ምስማር ይዟል፤ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ሸጎጥኩት።

«ጌታው፣ የሰርጉን ካርድ ላትም ስል ስህተት ያለ መሰለኝ» አለ።

«የምን ስህተት?»

«አይ፣ ሁለት ሙሽሪት ነው ያለው። ሙሽራውን ረስታችሁት እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ምስማሩን ተፋሁት። ከዚያ በኋላ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ የሰውዬው እናት አለችበት። እሱ ግን ታጋሽ ነው፤ ጮኼ ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀኝ። «እኔ ምን አደረግኩ አባቴ? ተጋባዡ ሁሉ እየደወለ ከሚጠይቃችሁ ብዬ እኮ ነው። እስከ ማታ ቁርጡን ንገሩኝ» ብሎ ዘጋ።

ዞር ስል ልጄ በሩ ላይ ቆሟል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የተቃጠለብኝን መብራት ሊቀይርልኝ መጥቶ፣ መሰላሉን እንደተሸከመ ሁሉንም ሰምቷል። ይስቃል ብዬ ነበር። በዚህ የሴት ስሙ ሲሳቅበት አብሮ መሳቅ ከተማረ ቆይቷል። ዛሬ ግን አልሳቀም።

«አባዬ፣ ካርዱ ላይ ጋሽዬ ይባልልኝ» አለ።

«ጋሽዬ ደግሞ ስም ነው? ቅጽል ነው እንጂ።»

«ሰዉ ሁሉ የሚያውቀኝ በሱ ነው።»

«እቴቴስ? የሰርግህን ካርድ ይዛ ያን ስም ስታጣው ምን ትላለች? ይሄ ሁሉ ለማን ተብሎ ነው?»

መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣና አምፖሉን መፍታት ጀመረ። ይሄ ልጅ ከሚናገረው ይልቅ ዝም የሚለው ነው ደሜን የሚያፈላው።

«ሂድና ጠይቃት» አለኝ ከላይ ሆኖ። «ይጻፍ ካለች ይጻፍ። እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ።»

ለምጄዋለሁ ያላት ነገር ግን አልለቀቀችኝም።

እቴቴ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ገና ትምህርት ቤት እንደገባች ታማ ሞተችባት። ሐዘኑ ሳይወጣ የኔ ልጅ ተወለደ። እቴቴ ያን ሰሞን እህል አትቀምስ፣ ሰው አታናግር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች። እኔ ደግሞ የተሰበረ ነገር ሳይ ካልጠገንኩት እጄን ይበላኛል። ልጁን ተሸክሜ ሄድኩና እቅፏ ውስጥ አስቀምጬ በልጇ ስም ጠራሁላት። «ይኸው፣ ስሟ አልጠፋም» አልኳት። አለቀሰች። የደስታ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ባለቤቴ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። «ወንድ እኮ ነው» አለችኝ። «ደግሞስ ጠይቀሃታል?»

«ስጦታ ተጠይቆ ነው እንዴ የሚሰጠው?» አልኳት። አፌን በቆረጠው።

ፍዳውን ያየው ልጁ ነው። ትምህርት ቤት የገባ ቀን አስተማሪው ዝርዝሩን አይቶ ከሴቶቹ ሰልፍ አቆመው፤ አንድ ሰው እስኪያርመው ድረስ እዚያው ቆሞ ዋለ። ታሞ ሐኪም ቤት ስሙ ተጠርቶ ሲነሳ፣ «የታመመችው የታለች?» ይሉታል። ስንቴ ተደባድቦ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ መጣ። ባለቀሰ ቁጥር ግን የምነግረው ያችኑ ነበር፦ «ስምህ የአክስትህ መድኃኒት ነው። አንተ ከጣልከው እሷ ትሞትብናለች።» ለሕፃን ልጅ እንዲህ ይባላል? ብዬዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ድንገት ማልቀሱን ተወ፤ የስሙንም ነገር ዳግመኛ አላነሳም። ጎበዝ፣ ገባው ብዬ ኮራሁ።

ጃኬቴን አጥልቄ ወጣሁ። ለመጠየቅ አልነበረም መሄዴ፤ እንድትደግፈኝ ነበር። እሷ አንዴ «ይጻፍ» ካለች ልጁም ይተዋል፣ እኔም እገላገላለሁ።

እቴቴ የምትሠራው የሆቴሎች አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው። በሩን ስትከፍተው እንፋሎቱ ፊትህን ይገርፈዋል፤ ማሽኖቹ ስለሚያገሱ ሠራተኛው ሁሉ የተጣላ ይመስል እየጮኸ ነው የሚያወራው። ከማድረቂያው የወጣ አንሶላ ተራራ አክሎ ፊቷ ተከምሯል። ሳትስመኝ የአንዱን አንሶላ ጫፍ አቀበለችኝ።

«እጅህ ንጹሕ ነው? ያዝ እንግዲህ። ሥራ ፈትቶ የሚቆም ሰው እዚህ አንወድም። ጋሽዬስ? ልብሱን ለካ?»

አንሶላውን ወጥረን አጠፍነው፤ ተጠጋጋን፣ ጫፍ ከጫፍ አገናኘን፣ እንደገና ተራራቅን። በዚህ መሀል የማተሚያ ቤቱን ሰውዬ ነገር ነገርኳት። ሁለት ሙሽሪት ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጁ ያለውን ስነግራት ግን ሳቋን ዋጠች።

«ጋሽዬ ይባል» አለች።

«እቴቴ፣ ለሱ አዝነሽ እንዳይሆን። እኔ እነግረዋለሁ። ላንቺ ተብሎ የወጣ ስም ነው።»

«ለእኔ?»

«ላንቺ ነዋ! ለማን ነው ታዲያ?»

አንሶላውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «አንድ ቀን እንኳ በዚያ ስም ስጠራው ሰምተኸኛል?»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። ጋሽዬ። የኔ ጌታ። ሰውዬው። አንተ ቁመተ መሰላል። ጋሽዬ የሚለውን ያወጣችለትም ራሷ ናት። እቴቴ ለጎረቤት ድመት ሳይቀር ቅጽል የምታወጣ ሴት ስለሆነች ልብ ብዬው አላውቅም። በልጄ ዕድሜ ሁሉ አንዲት ቀን ፈለግኩ፤ አጣሁ።

«አንተ ደጅ ቆመህ በዚያ ጎርናና ድምፅህ ስትጠራው» አለች፣ «ልጄ የመጣች ይመስለኝና ዞር እላለሁ። እንደማትመጣ እያወቅሁ። ዛሬም ድረስ እዞራለሁ።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ። ያን ልጅ ይዘህ ስትመጣ ፊትህን ብታየው። ምን ብዬ ልመልስህ?»

ሌላ አንሶላ አነሳች፤ ጫፉን ግን አላቀበለችኝም።

«ልጁም መጥቶ ነበር። ትንሽ ሆኖ፣ ከንፈሩ በድብድብ አብጦ። ‹እቴቴ፣ ስሜን ብቀይር ትሞቻለሽ?› አለኝ። አልሞትም፣ እኔም እንዲያውም አልወደውም አልኩት። ለአባዬ ሄጄ ልንገረው ብሎ ብድግ ሲል ያዝኩት። አባትህ ቅስሙ ይሰበራል፣ እንቻለው በቃ አልኩት። እሺ አለኝ። እሺ ባላለኝ ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ። የኔም እጅ አለበት።»

ክምሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የታጠበ አንሶላ ላይ መቀመጥ እዚያ ቤት ነውር ነው፤ እሷ ግን አልተቆጣችኝም። ማልቀሱን የተወበት ቀን ነው ፊቴ ድቅን ያለው፤ እኔ የኮራሁበት ቀን። ያን ትንሽ ልጅ የታማሚ አስታማሚ አድርጌው ኖሬያለሁ፤ ለካ ታማሚው እኔ ነኝ። አፈርኩ። ሰው በገዛ እህቱ ፊት እንዲህ ያፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ስሟን መልስላት» አለች። «ለልጄ። ሌላ ምን ተረፋት?»

እዚያው ሆኜ ስልኬን አወጣሁና ማተሚያ ቤት ደወልኩ።

«ጋሽዬ ብለህ ጻፍ» አልኩት።

«አይሰማም፣ ጮክ ይበሉ!»

«ጋሽዬ!» ልጄን በዚያ ቅጽል ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሙሽራው ነው?»

«አዎ፣ ሙሽራው ነው። ቅድም ስለተናገርኩህ ደግሞ ይቅርታ አድርግልኝ። እናትህንም ይቅርታ በልልኝ።»

«ይሁን፣ ደህና ናት» ብሎ ሳቀ።

እቴቴ የአንሶላውን ጫፍ አቀበለችኝና ወደ ሥራችን ተመለስን። ክምሩ ሊያልቅ ሲል አጠገባችን ያለው ማሽን እጥበቱን ጨርሶ ቆመ፤ ቤቱ ትንሽ ጸጥ አለ። ያኔ ስሟን ጠራችው። የልጇን ስም፣ ጎረቤት ስትጫወት የቆየችን ልጅ ለእራት እንደሚጠሩ ዓይነት፣ ቀስ ብላ።

እኔ ልጄ የመጣ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ፊቴን ስመልስ እቴቴ አንሶላውን እንደያዘች ታየኛለች።

«አየህ?» አለችኝ። «እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።»