የፊዚክስ ፈተና እስኪያልፍ

ሔለን ከውሰርን የተዋወቀቻት ጅዳ ኑዝላ ሰፈር ውስጥ፣ እናቷ አምሳለ በምትሠራበት የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። አምሳለ ፀጉር አጣቢ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች ልጇን ቤት ብቻዋን መተው ስለማትወድ፣ ሔለን ከሐበሾች ትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ትመጣለች። ከጀርባ ፎጣ በሚታጠፍበት ጠባብ ክፍል ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ ታጠናለች።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጥቁር አባያ የለበሰች ቀጭን ልጅ ሕፃን ታቅፋ ወደዚያ ክፍል ገባች። ማዳሟ ፀጉሯን እየተሠራች ነው፤ እሷ ሕፃኑን የምታስተኛበት ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጋ ነው። ትከሻዋ ላይ አስተኝታው እየተወዛወዘች ከሔለን ኋላ ቆመች። ቆየት ብላ፣

"ሰበቃውን ረሳሽው" አለች።

ሔለን ዞር አለች። "ምን አልሽኝ?"

"ፍሪክሽኑን። ሳጥኑ ተዳፋቱ ላይ ሲንሸራተት ወደ ኋላ የሚይዘው ኃይል አለ አይደል? እሱን ሳትቀንሽ ነው ያካፈልሽው።"

ሔለን ቀንሳ ሠራችው። ሦስት ቀን ሙሉ አልመጣ ያላት መልስ መጣ። ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት። እጇ በሳሙና ብዛት ተላልጧል፣ ጥፍሮቿ አልቀዋል።

"የት ነው የምትማሪው?" አለቻት።

"አልማርም። የቤት ሠራተኛ ነኝ" አለች ልጅቷ። "ከውሰር እባላለሁ።"

ከውሰር የሐይቅ አካባቢ ልጅ ናት። ፓስፖርቷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው ይላል፤ እውነተኛ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጋምሳ፣ በፊዚክስ ከክፍሏ የሚወዳደራት ሳይኖር፣ የአባቷ ዓይን ታመመና እርሻው ሰው አጣ። ያን ጊዜ ከየመንደሩ ልጃገረዶች በኤጀንሲ እየተመዘገቡ የሚሄዱበት ዘመን ነበር። እሷም ለሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርማ መጣች። "ሁለት ዓመቴን ስጨርስ ተመልሼ እፈተናለሁ፣ ኢንሻአላህ" ትላለች፤ ስትናገረው ቀኑን ቆርጣ እንደጨረሰች ሰው ነው።

ማዳሟ በየሰኞው ፀጉሯን ትሠራ ስለነበር፣ ሁለቱ ልጆች በየሰኞው ተገናኙ። ከውሰር ፊዚክሱን ለሔለን ታስረዳታለች። ሔለን ደግሞ ኬሚስትሪ ላይ ጎበዝ ናት። የከውሰር የኬሚስትሪ አስተማሪ አሥራ አንደኛ ክፍል እያለች ለቆ ስለነበር ግማሹን መጽሐፍ አልተማረችውም፤ እሱን ሔለን ከመጀመሪያው ጀመረችላት። አምሳለ መጀመሪያ ፈርታ ነበር። "ማዳምሽ ብታይሽ ጉድ ይፈላል" ብላ ከውሰርን ተቆጣቻት። ሁለተኛው ሳምንት ግን ራሷ የማዳሟን ፀጉር ሁለት ጊዜ ማጠብ፣ ጭንቅላቷን ቀስ እያለች ማሸት ጀመረች። ማዳሟ በዚህ በጣም ደስ አላት። "ኡሙ ሔለን ካልሆነች ሌላ እንዳይነካኝ" ትል ነበር፤ የሔለን እናት ማለቷ ነው።

ይህ አምስት ወር ያህል ቆየ። ከዚያ የማዳሟ ባል ሥራው ወደ መካ ተዛወረና ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ሩሰይፋ የሚባል የመካ ሰፈር ገባ። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ሰኞ ሔለን አሮጌ ስልኳን ለከውሰር ሰጠቻት።

"ማዳም ስልክ አትፈቅድም" አለች ከውሰር።

"ደብቂው።"

ከውሰር ስልኩን አባያዋ ውስጥ ከተተችው። "አንች መካ መምጣት አትችይም አይደል?" ብላ ጠየቀች።

"ክርስቲያን ነኝ እኮ። ከኬላው ይመልሱኛል።"

"እንግዲያው እኔ እመጣለሁ" አለች ከውሰር። አልመጣችም፤ ከቤት የምትወጣበት ቀን አልነበራትም።

ጥናቱ በስልክ ቀጠለ። ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ቀን ላይ ማዳሟ ስትተኛ ከውሰር ኩሽና ውስጥ ሆና ሔለን ፎቶ አንሥታ የላከችላትን ጥያቄ ትሠራለች፤ ከዚያ አሠራሩን በድምፅ ቀድታ ትልካለች። ድምፁ ውስጥ የማቀዝቀዣው ጉምጉምታና የድስት ክዳን ይሰማል። የከውሰር ስልክ ሒሳብ ሲያልቅበት፣ ሔለን ሐይቅ ደውላ ለከውሰር አባት ለአብዱረሺድ "ከውሰር ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች" እያለች መልእክት ታደርሳለች። ሽማግሌው ሁልጊዜ ምርቃት ያዥጎደጉዱላታል።

የመልቀቂያ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሔለን አንድ የኬሚስትሪ ጥያቄ ላከች። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝ የትኛው ነው ይላል። አራት አማራጭ ነበረው። ከውሰር ሌላ ጊዜ ወዲያው ትመልሳለች፤ ያን ቀን ዝም አለች። በማግስቱ ደወለች።

"መልሱ ክሎሪን ነው አይደል?"

"አዎ፣ ክሎሪን ነው።"

"ሃይፖክሎራይቱ በረኪና ነው? ይኼ እኛ የምናውቀው በረኪና?"

"እሱ ነው። አሲዱ ደግሞ የሽንት ቤት ማጠቢያው።"

ከውሰር፣ "እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምቀላቅለው" አለች። "ማዳም ናት ያሳየችኝ። አዲሱ ቤት ሦስት መታጠቢያ ቤት አለው፣ የወለሉ ሸክላ ነጭ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካላደረግሽው አይነጣም ትላለች። ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ደረቴ ይዘጋል። ጉንፋን ነው እያልኩ ወር አለፈኝ።"

"ከውሰር፣ ተይው። መርዝ ነው።"

"አሁን አወቅኩት" አለች ከውሰር። "እነግራታለሁ።"

ነገረቻትም። ማዳሟ ሳቀች። "ዶክተር ሆንሽ?" አለቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ልጆቿ ሲበሉ ለከውሰርም አብራ ታቀርባለች። ሠራተኛ የሚያውቀው ነገር ይኖራል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ከውሰር በራሷ ዘዴ ሁለቱን ለየብቻ፣ በመሐል በውኃ እያለቀለቀች፣ መስኮት ከፍታ ማጠብ ጀመረች። ሁለት ሳምንት ያህል ሳሏ ቀለል አላት።

ዓርብ ዕለት እንግዶች ሊመጡ ነበር። ማዳሟ መታጠቢያ ቤቱን አይታ ሸክላው ደብዝዟል አለች። ራሷ በረኪናውንና አሲዱን ባልዲ ውስጥ ገልብጣ፣ "ያላ፣ አሁን ፈትጊው" ብላ ሽታው ልጆቹ ጋር እንዳይደርስ በሩን ከውጭ ዘጋችው። መስኮቱም ተዘግቶ ነበር። ከውሰር ሸክላውን አሸች። ስትወጣ መቆም አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ ነበር።

ቅዳሜ ለሔለን የላከችው ድምፅ ሻካራ ነበር። በየሦስት ቃሉ ታርፋለች።

"ሔለን፣ የሆነውን ልንገርሽ" ብላ ሁሉንም ነገረቻት። "መተንፈስ አቅቶኛል። ሙስተሽፋ፣ ሐኪም ቤት ውሰጅኝ አልኳት፣ ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ አለችኝ። ማዳም እትየ አምሳለን ትሰማታለች። እትየ ደውላ ብትነግራት ትወስደኛለች። ንገሪያት እሽ?"

ሔለን "እሺ፣ ዛሬ እነግራታለሁ" ብላ ጻፈችላት።

እናቷ ያን ቀን ማታ ሩዝ እያበሰለች ነበር። ሔለን አጠገቧ ቆማ ሽንኩርት ከተፈችላት። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷ ከደወለች ግን ማዳሟ ማን ነገረሽ ማለቷ አይቀርም፤ ስልኩ ይገኛል፣ ይወሰዳል። ፈተናው ሰኞ ይጀምራል፣ ፊዚክስ ረቡዕ ነው። የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ገና አልገባትም፤ እሱን የሚያስረዳት ከውሰር ብቻ ናት። አራት ቀን ነው አለች በልቧ። ሳል ነው፤ ከወር በላይ አብሯት የኖረ ሳል ነው። ረቡዕ ከፈተና እንደወጣሁ እነግራታለሁ። ሽንኩርቱን ከትፋ ጨረሰችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

እሑድ ከውሰር፣ "እትየ ደወለች?" ብላ ጻፈች።

"ሥራ በዝቶባት ነው፤ ትደውላለች" አለች ሔለን። ከሥር ሦስት የኤሌክትሪክ ጥያቄዎች ላከች።

ከውሰር ሦስቱንም ሠራች። ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሠራች። ማክሰኞ የላከችው ድምፅ ውስጥ ሳሉ ከቃሉ ይበዛ ነበር። "ሁለቱ ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ..." ብላ ጀመረችና አቋረጠች። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና አቋረጠች። በመጨረሻ የቀረውን በወረቀት ሠርታ ፎቶውን ላከች። ጽሑፏ ወደ ታች ተንሸራቶ ነበር። ሔለን አሠራሩን ገልብጣ ያዘች።

ረቡዕ የፊዚክስ ፈተናው ደህና ሆነላት። እንደወጣች በታክሲ ፀጉር ቤት ሄደችና እናቷን ፎጣ ክፍል ውስጥ አስገብታ ነገረቻት። መልእክቱ የመጣው ቅዳሜ መሆኑን ግን አልነገረቻትም። አምሳለ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ለማዳሟ ደወለች። በዐረብኛ ጥቂት ተነጋገረች፤ ከዚያ የምታዳምጥ ብቻ ሆነች። ስልኩን ስታወርድ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

"ትናንት ከሰዓት ኩሽና ወድቃ አገኟት። ሐኪም ቤት ወስደዋታል፤ በመሣሪያ ነው የምትተነፍሰው" አለች። "ማዳሟ ታለቅሳለች። ሳንባዋ አልቋል አሉኝ ትላለች።"

ከውሰር ዓርብ ንጋት ላይ ሞተች።

የቀብሩ ወረቀት እስኪያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። አባቷ መካ እንድትቀበር ተስማሙ። አምሳለና ሔለን መሄድ አልቻሉም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሂና የምትቀባው ሙኒራ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ ፈቃድ ጠይቃ ሄደች። ተመልሳ ፎጣ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ነገረቻቸው። ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ ውስጥ ከሌሎች ሟቾች ጀናዛ ጋር ተሰግዶባታል፤ ሰጋጁ ለቁጥር ያዳግት ነበር። ከዚያ ወንዶቹ ወሰዷት። መቃብሩ ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ነው ያለው።

"ማዳሟ መጥታ ነበር" አለች ሙኒራ። "በሩን የዘጋሁት ለልጆቼ ብዬ ነው፣ አላወቅኩም ነበር ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት?"

"ነግራት ነበር እኮ። ከውሰር ነግራት ነበር" አለች ሔለን።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። "መቼ?"

ያን ጊዜ ሔለን ሁሉንም ተናገረች። ጥያቄውን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜ የተላከላትን መልእክት፣ ሽንኩርት እየከተፈች ያሰበችውን፣ እሑድ ሥራ በዝቶባት ነው ብላ የመለሰችውን። አምሳለ አቋርጣ አልጠየቀቻትም። ሲያልቅ ተነሥታ ያልታጠፉትን ፎጣዎች ማጠፍ ጀመረች። ሁሉንም አጥፋ ስትጨርስ፣

"እኔ እኮ ሩዝ እያማሰልኩ ነበር" አለች። "ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?"

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ ልጇን አንድም ቀን ወቅሳት አታውቅም። ለብዙ ሳምንት ግን በቤት ውስጥ የሚያስፈልገውን ብቻ ነበር የሚነጋገሩት።

ውጤቱ ክረምት ላይ መጣ። ሔለን ከትምህርት ቤቱ በፊዚክስ ከፍተኛውን ነጥብ አመጣች። አስተማሪው ጀይላን ስሟን በተማሪዎች ፊት ጠርቶ እንዴት እንዳጠናች ለሌሎቹ እንድትናገር ጠየቃት። "ጓደኛዬ ናት ያስጠናችኝ" አለች። ማን ናት ሲሏት ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሐይቅ ደወለች። አብዱረሺድ ድምፅዋን ወዲያው ለዩት።

"ሔለን ነሽ? አላህ ያክብርሽ ልጄ" አሉ። "የተከበረ አገር ነው ያረፈችው፣ አልሐምዱሊላህ። እኔን የሚያጽናናኝ እሱ ነው። ሌላም አለ፤ በሰው አገር ብቻዋን አልነበረችም። አንች ነበርሽላት። ሳስጠናት እንዴት ደስ ይለኛል ትለኝ ነበር።"

ሔለን ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። "አባባ፣ የምነግርዎት አለ" አለች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነገረቻቸው። ከውሰር እናቴ ለማዳሟ እንድትደውልላት ለምናኝ ነበር፣ ስልኩ ይወሰድብናል ብዬ አራት ቀን አቆየሁት፣ በእነዚያ አራት ቀናት ጥያቄ አሠራት ነበር አለች።

 ሔለን መስመሩ የተቋረጠ መስሏት "አባባ?" አለች።

"አለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ዕድሜሽ ስንት ነው?"

"አሥራ ስምንት።"

"ልጆች ናችሁ" አሉ። "ልጆች ነበራችሁ።" ከዚያ ምርኩዛቸው መሬት ሲነካ ተሰማ። "አሁን ልሂድ ልጄ። የዐስር ሶላት ደረሰ፣ መስጊድ የሚመራኝ ሰውም መጥቷል። ሌላ ቀን እንነጋገር።"

ሔለን ለረመዷን ደወለች፣ አልተነሣም። ለዒድ ደወለች፤ ያነሣችው የከውሰር እናት ናት። አብዱረሺድ ደህና እንደሆኑ፣ ስለ ሰላምታዋም እንደሚያመሰግኗት ነገረቻት። እሳቸው ግን ስልኩን አልተቀበሉም።